የአባባ ዶላሞ የጠዋት ወሬ

የተከበራችሁ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፤ የተከበሩ የእድራችን ዳኛ አቶ ቦሼ፤ የተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ መኮንን፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት ያሳጠሩልን ሽማግሌ አቶ ኤርጎ፤ ከገበያ ሸክማችሁን አውርዳችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ እናንተም ወዲያ ማዶ የምትግጡ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሚያባርራችሁ ያጣችሁ ከብቶች፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን።

እኔ የሺሀረግ ነኝ። የአለምነሽ ልጅ። አሥረኛ ክፍል ነኝ። አውቃለሁ፣ "ይቺ ደግሞ ምን ልትል ነው የቆመችው?" እያላችሁ ነው። አቶ ቦሼም ትናንት እንዲሁ ብለዋል። "የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መቃብር ላይ ስትናገር ማን አይቶ ያውቃል?" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ማንም አላየም። ግን ያዘዙት የሞቱት ሰውዬ ራሳቸው ናቸው። አልጋቸው ላይ ሆነው አቶ ቦሼን አስጠሩና፣ እናቴ ባለችበት፣ ምን አሉ? "የሺ ትናገር። እናንተ ስትናገሩ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ያን ቀን ደግሞ ቀስቅሳችሁ አታስነሱኝም።" አቶ ቦሼ፣ ብለዋል አላሉም? ይኸው፣ ብለዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዛሬ ሁለት ሥራ አለኝ። አንደኛው ስንብት ነው። ሁለተኛው አደራ ነው። አደራው ይኼ ነው፦ አባባ ዶላሞ ከማረፋቸው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። ቤቱ የዘበኛ ቤት ነው፤ ዘበኛው ሥራ ስላቆሙ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይለቀቅ ይላል። እዚህ የተቀመጡት ባለቤታቸው እማማ አየለች ከዚያ ቤት ከወጡ የት ይገባሉ? ልጅ የላቸውም። ጎፋ ዘመድ አለ ይባላል፤ እሳቸው ከጎፋ ከወጡ ግን አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ያ ዘመድ በመንገድ ቢያገኛቸው አያውቃቸውም።

ጓድ መኮንን፣ አይቆጡ። ልከስዎ አልቆምኩም፤ ልለምንዎ ነው። ግን በቀጥታ አልመጣም፤ ትንሽ ዞር ብዬ ነው የምደርስልዎ። እስከዚያው አፈሩን የያዛችሁ ወንድሞች አካፋውን አስቀምጡልኝ።

አባባ ዶላሞን የማያውቅ አለ? በሌላ አገር ከተማ መሀል ሐውልት ይቆማል አሉ። በእኛ ከተማ መሀል ያለው ሣር ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሣር። ያ ሜዳ ዱር ሳለ ግንዱን ከነቀሉት የቀን ሠራተኞች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሌሎቹ ሥራው ሲያልቅ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እሳቸው "የነቀልኩት ተመልሶ እንዳይበቅል ልጠብቅ" ብለው ቀሩ። በሳምንት ሁለት ቀን አውሮፕላን ሲመጣ ላሙን፣ አህያውን፣ ወደ ገበያ የሚያቋርጠውን፣ ኳስ የሚጫወተውን ተማሪ፣ ያን ሁሉ ማን ነበር የሚያስወጣው? አንድ ፊሽካ፣ አንድ ዱላ፣ አንድ አባባ ዶላሞ።

ታዲያ አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። "አባባ ዶላሞ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?" እንላቸዋለን። የጦርነቱን ወሬ ፈልገን። የሹም ሽሩን ወሬ ፈልገን። ስኳር ይመጣል አይመጣም የሚለውን ፈልገን። እሳቸው መጀመሪያ ግራ ቀኝ ያያሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኛ ጆሯችንን እናስጠጋለን። ከዚያ በሹክሹክታ፦ "በምሥራቅ በኩል፣ የነፋሱን አቅጣጫ ከሚያሳየው ጨርቅ ምሰሶ ሥር፣ ሣሩ ወጥቷል።"

ይኼ ነው ወሬው! ይኼን ብለው ደረታቸውን ነፍተው ይሄዳሉ። በማግሥቱ እንጠይቃለን፣ ምን አዲስ ነገር አለ? "ወፎቹ ግራሩ ላይ ቤት መሥራት ጀምረዋል። አንዱ ሥራ አያውቅም፤ ሁለቴ ፈረሰበት።" በሦስተኛው ቀንስ? "ዛሬ አፈሩ ሸተተኝ። ዝናቡ መንገድ ላይ ነው።" መጽሐፋችን ጸደይ በመስከረም ይጀምራል ይላል። መጽሐፉ ጂንካ መጥቶ አያውቅም። የእኛ ጸደይ በመጋቢት ነው የሚጀምረው፤ መጀመሩን የሚነግረን ደግሞ መምህር አልነበረም፣ ሬዲዮም አልነበረም።

እማማ አየለች በዚህ ይናደዱ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ ሣር እንደሆነ በየዓመቱ ይወጣል! ምኑ ነው ወሬው?" ይሏቸዋል።

"ይወጣል" ይላሉ እሳቸው። "እኔ ግን በየዓመቱ አልወጣም። እስካለሁ ልየው።"

አንዳንዶቻችሁ ሰውዬው ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል ትሉ ነበር። ስም አልጠራም። አቶ ኤርጎ፣ ወደ መሬት አይመልከቱ፣ ስም አልጠራሁም።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ልክ በዚህ ወር የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ሁላችሁም ነበራችሁ። ስም ይጠራ ስለነበር ያልነበረ የለም። ከክፍለ ሀገሩ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ዳር ተሰለፍን። አቧራው! ከሰማይ ስንት ወር ጠብታ ጠብ አላለም። እኛ ተማሪዎች መዝሙሩን አሥራ አራት ጊዜ ተለማመድን። የእናቶች ጉሮሮ እልልታ ሳይወጣው ደረቀ። ጓድ መኮንን አራት ገጽ ንግግር ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አቶ ቦሼ ቆመው ተኙ። ቆሞ የሚተኛ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። እንግዳ የለም። ከዚያ ከተራራው ጀርባ፣ ከሩቅ፣ "ጉርርርር…"

"መጣ!" አሉ አባባ ዶላሞ።

ፊሽካ! ዱላ! ሩጫ! በዚያ እድሜያቸው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጡት። ላሙ ወጣ፣ አህያው ወጣ፣ የመጨረሻዋን ጊደር ጅራቷን ይዘው ጎተቷት። ከበሮው ተመታ። እልልታው ቀለጠ። ጓድ መኮንን የካኪ ኮታቸውን ቆለፉና ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። ሁላችንም አንጋጠጥን። ምን መጣ? አንዲት ጠብታ። አፍንጫዬ ላይ።

አውሮፕላን አልነበረም። ነጎድጓድ ነበር። የዓመቱ የመጀመሪያ ነጎድጓድ፣ ከነዝናቡ! ጓድ መኮንን ግን ደፋር ሰው ናቸው፤ ይኼን ልመስክርላቸው። ዝናቡ እየወረደባቸው አንደኛውን ገጽ አነበቡ። ሁለተኛው ገጽ እጃቸው ላይ ሟሟ። ሦስተኛውን ከሸሚዛቸው ላይ ማንበብ ይቻል ነበር፤ ቀለሙ እዚያ ነው የተገለበጠው።

"ዶላሞ!" ብለው ጮኹ። "ነጎድጓድና አውሮፕላን አይለዩም እንዴ?"

አባባ ዶላሞ በረባሷቸውን አውልቀው፣ ባዶ እግራቸውን እርጥቡ አፈር ላይ ተክለው፣ ምን አሉ? "ጓድ፣ እንግዳ እንቀበል አሉኝ። ይኸው ተቀበልን። ከዚህ የሚበልጥ ማን ሊመጣ ነበር?"

ከዚያስ? ወደ ቤቱ የሮጠ ነበር? አንድም ሰው አልሮጠም! እናቶች ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀሙትን እልልታ ለዝናቡ ሰጡት። እኛ ጭቃው ላይ ተንሸራተትን። አቶ ኤርጎ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ሲዘሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጉልበታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፣ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። አውሮፕላኑ ከዝናቡ ሸሽቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስንት እንግዳ መጣ፣ ስንቱን ተቀበልን? የአንዱን ስም የሚነግረኝ አለ? ያን ዝናብ ግን ማን ረሳው?

በሳምንቱ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለሂስ። አባባ ዶላሞ ሰፊውን ሕዝብ በማሳሳት ተገምግመው ግለሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንዲህ አሉ፦ "ጓዶች፣ ጥፋቴን አምናለሁ። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማኝ ልቤ ይዘላል። ጆሮዬ ነጎድጓድ መሆኑን ነግሮኝ ነበር ይሆናል፤ ልቤ ቀድሞ ዘለለና እግሬን ይዞት ሄደ። ለወደፊቱ ልቤን እገሥጻለሁ። ግን አስጠነቅቃችኋለሁ፤ እስከ ዛሬ ሰምቶኝ አያውቅም።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ መኮንን ሳቃቸውን በመሐረብ ደበቁ። ጉንፋን መሰላችሁ? ጉንፋን አልነበረም። ያን ቀን ከሥራ ሊያስወጧቸው ይችሉ ነበር፤ አላስወጧቸውም። ጓድ መኮንን፣ ይኼን አስታውሰንልዎታል።

አሁን የምነግራችሁ የቤታችንን ጉዳይ ነው። እናቴ፣ ፍቀጂልኝ።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ተገኝ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄደ። እናቴ አልጋ ያዘች። ሦስት ወር። አታበስል፣ አትስቅ፣ ከቤት አትወጣ። ጎረቤት እየመጣ "አይዞሽ" ይላል። "እግዚአብሔር ያውቃል" ይላል። "ጠንክሪ" ይላል። እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። መጋቢት ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ድምፅ መጣ፦ "አለምነሽ! ከቤቴ ጓሮ ከተከልሽው ጎደሬ አሥራ አንዱ በቅሏል!" በቃ። ሌላ ቃል የለም። ሄዱ።

ጎደሬውን እናቴና እማማ አየለች አብረው የተከሉት ወንድሜ ሳይሄድ ነበር። በማግሥቱ መጡ፦ "አለምነሽ! ዛሬ አሥራ ሁለት ሆኗል!" በሦስተኛው ቀን መጡ፦ "አለምነሽ! ዛሬ ዘጠኝ ነው!"

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች በሩ ላይ ቆመች። ሦስት ወር ፀሐይ ያላያት ሴት!

"ትናንት አሥራ ሁለት አላሉም? ሦስቱ የት ሄዱ?"

"እኔ ምን አውቄ" አሉ አባባ ዶላሞ። "የቦሼ ፍየል አካባቢውን ስትዞር አይቻታለሁ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አቶ ቦሼ ያውቁታል። እናቴ ድንጋይ ይዛ ያቺን ፍየል እስከ ወፍጮ ቤት አባረረቻት። በሽምግልናም ፍየሏ ሦስት ጎደሬ ካሰች፤ ይቅርታ፣ አቶ ቦሼ ካሱ። እናቴ የካሣውን ጎደሬ ስትተክል እጇ አፈር ነካ። አፈር ሲነካ አበሰለች። ስታበስል ጎረቤት ጠራች። ማታውኑ ሳቀች። በግንቦት ከወንድሜ ደብዳቤ መጣ፤ በሕይወት አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤው ሲመጣ ግን የተቀበለው የቆመ ሰው ነው፤ የተኛ ሰው አይደለም።

አቶ ቦሼ፣ እንግዲህ ዛሬ እውነቱ ይውጣ። በኋላ እኔ ጎደሬውን ቆጠርኩት። አሥራ ሁለቱም ነበሩ! አንድም አልተነካም። "አባባ ዶላሞ፣ ዋሽተዋል?" ብላቸው፣ "እድሜዬ ገፍቷል፣ ቆጠራ ይሳሳትብኛል" አሉኝና ዓይናቸውን ጠቀሱኝ። ፍየልዎ ንጹሕ ነበረች። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስሟን አድሼላታለሁ። አይቆጡ፤ ሲስቁ ያምርብዎታል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ደረስኩ።

ደብዳቤው የመጣ ቀን እዚያው ነበርኩ። ላንብብልዎ አልኳቸው። "ለምን? በስድሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ አይደል?" አሉ። በመሠረተ ትምህርት ነው የተማሩት። ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እየጎተቱ አነበቡ። "በ… ሠላ… ሳ… ቀን…" ጨረሱ። አጠፉት። "ማኅተሙ ጥሩ ነው፣ ክብ ነው" አሉና ትራሳቸው ሥር አደረጉት። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ማጎ በኩል አዩ። "ደመና አለ። አውጡኝ።"

እናቴ፣ እኔና የሰፈራችን ልጅ ደምሰው አልጋውን ከነሰውዬው ተሸክመን ከደጅ አወጣነው። ክዳኑ ሥር አስቀመጥናቸው። ዝናቡ መጣ። ከክዳኑ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ እጃቸውን ዘርግተው ያጠራቅማሉ፣ ያፈሳሉ፣ ደግሞ ያጠራቅማሉ። እማማ አየለች ከውስጥ ጮኹ፦ "ብርድ ይመታሃል!"

"በዚህ ሁሉ ላይ ብርድ ቢጨመር ምን ያመጣል? ነይ ይልቅ፣ ተቀመጪ።"

እየተነጫነጩ መጡ። ተቀመጡ። እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ። ሁለት አዛውንቶች፣ አርባ ዓመት አብረው የኖሩ፣ እንደ ሕፃን ውሃ ሲያጠራቅሙ! እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። እማማ አየለች ወደ ውስጥ ሲገቡ አባባ ዶላሞ ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ "የሺ፣ መሞት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አየለች በሰው ደጅ እንግዳ ሆና፣ እግሯን አጥፋ፣ ዝናብን እንደ ባዳ ስታየው ነው። አንቺ አታፍሪም። ሰው በተሰበሰበበት ተናገሪልኝ።"

አላፍርም። ይኸው ተናገርኩ።

ጓድ መኮንን፣ ደብዳቤው በክፋት እንዳልተጻፈ አውቃለሁ። ያን ቀን ስንት ወረቀት ፈርመዋል? በዚያ መሀል ያለፈ ነው። ቤቱ የዘበኛ ነው፤ እውነት ነው። አዲሱ ዘበኛ ማነው? ደምሰው ነው። የት ነው የሚኖረው? ከእናቱ ጋር፣ ከሜዳው ሃምሳ እርምጃ። ደምሰው! ወዲህ ና፣ አትደበቅ። ቤቱን ትፈልገዋለህ?

ጮክ በል። ሰማችሁ? "አልፈልግም" ብሏል። እናቱ ደግሞ ምን አሉ? "እሱ ከቤት ከወጣ ማን ያበላዋል" አሉ። ይኼም ይመዝገብ።

ምን አሉ ጓድ? "ማመልከቻ ይጻፍ"? ተጽፏል። ይኸው፣ ከደብተሬ ነው የገነጠልኩት፣ ይቅርታ፣ ጀርባው ላይ ሒሳብ አለ። አዎ? "ማኅተሙ ቢሮ ነው"? አቶ ቦሼ ምን አሉ? ሁላችሁም ስሙ፣ አቶ ቦሼ ነቅተዋል! "እኛ አንቸኩልም፣ እንጠብቃለን" አሉ። አቶ ኤርጎም "እኔ እስኪመጣ ሌላ ጸሎት አለኝ" ብለዋል። ጓድ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ አቶ ኤርጎ ሳይጀምሩ ይፈርሙ!

እስክሪብቶ ያለው? አመሰግናለሁ። ደምሰው፣ ጀርባህን አበድር፣ ጎንበስ በል።

ጽፈዋል። ላንብብ? "ወይዘሮ አየለች በሚኖሩበት ቤት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ እንዲኖሩ ተፈቅዷል። ማኅተሙ ሰኞ ይመታል።" ፊርማ። ጓድ መኮንን፣ ያን ቀን በዝናብ ያነበቡት ንግግር ጥሩ ነበር። ይቺ ግን ትበልጣለች። ዓይንዎ ውስጥ ያለው ደግሞ ጉንፋን አይደለም፣ እናያለን።

ቆይ፣ ቆይ። ዝም በሉ እስቲ። እማማ አየለች አንድ ነገር እያሉ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቃል አልወጣቸውም ነበር። ምን አሉ? እማማ፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።

"የበቆሎ ዘር የተረፈው ሰው አለ?" ነው የሚሉት።

ሁላችንም ዘርተናል፤ እሳቸው ግን ጓሯቸውን ባዶ ትተውታል። እኔ ሐዘን መስሎኝ ነበር። ለካ ደብዳቤውን ከትራሱ ሥር አግኝተውት ኖሯል። ለማይበሉት ማን ይዘራል? ዘር ያለው እጁን ያውጣ! አንድ፣ ሁለት፣ አምስት… ጓድ መኮንንም አለኝ ይላሉ። አቶ ቦሼ፣ ሁለቱንም እጅ ማውጣት አያስፈልግም።

አባባ ዶላሞ፣ የላኩኝን አድርሻለሁ። ለግንዱ፣ ለፊሽካው፣ ለሣሩ፣ ለእናቴ፣ ለሁሉም እግዚአብሔር ይስጥልን። አብረንዎ ብዙ ብንቆይ ደስ ባለን። ግን ሰማዩ እየጠቆረ ነው፤ ሚስትዎ ደግሞ ሳይዘንብ ዘሩን አፈር ማልበስ አለባቸው፤ ከወዲሁ እያዩኝ ነው፣ ቶሎ ጨርሺ ዓይነት። ስለዚህ ይቅር ይበሉን፣ ልንሄድ ነው። በሰላም ይረፉ፣ አባባ።

ወንድሞች፣ አካፋውን አንሡ።